የአባቴ ቮልስ ሰልባትዮ ማፍሰስ፦ የሦስት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ጠዋት የመኪናውን በር ስከፍት የቤንዚን ሽታ ተቀበለኝ። ቮልስ የሚነዳ ሰው ትንሽ ሽታ ይለምዳል፤ ሰልባትዮው፣ ማለትም የቤንዚን ታንከሩ፣ ከፊት ነው፣ ከኮፈኑ ሥር፣ ከሾፌሩ ጉልበት ወዲያ ማዶ። የዛሬው ግን ከተለመደው አለፈ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከፊት ግራ ጎማ ወደ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ መዳፍ የሚያክል እርጥብ ቦታ አለ። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። ቤንዚን ነው።

መኪናው በፈረንጆቹ 1966 የተሠራ፣ 1300 የሚባለው ሞዴል ነው። አባቴ ትምህርት ቤት ያመላለሰን በእሱ ነው፤ የመሪው ጥቁር ቀለም እጁ ይይዝበት የነበረው ቦታ ላይ እስካሁን ሳስቷል። ይህን መኪና ለማንም እጅ ሰጥቼ "ጨርሰህ ጥራኝ" ማለት አልወድም። ስለዚህ የምሠራውን ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ መፍታት ነው። ከዚያ መኪናውን ገፍተን ከቤቱ ግድግዳ አርቀን አቆምነው።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

የጠረጠርኩት ጎማ ቱቦውን ነው። ከሰልባትዮው ሥር የሚወጣው ቤንዚን በአጭር ጎማ ቱቦ አልፎ፣ በመኪናው ወገብ ውስጥ ከሚሄደው የብረት ቱቦ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ እስከ ኋላ ሞተሩ ድረስ ይጓዛል። ቱቦው ደርቆ፣ ላዩ እንደ ክረምት ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ከመለዋወጫ ገበያው ከሱማሌ ተራ ግማሽ ሜትር አዲስ ቱቦና ሁለት ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ገዝቼ ቀየርኩት።

ማታ መገናኛው ላይ የልብስ ሳሙና በእጄ አሽቼ ለጠፍኩበት። ይህ የሹፌሮች የድሮ መላ ነው፤ ሳሙና ቤንዚን ስለማያሟሟው ለጊዜው ይይዛል። ውኃ ከነካው ግን ያልቅለታል፣ በእሱ ተማምኖ መንገድ አይወጣም። እኔ የለጠፍኩት ለማቆም ሳይሆን ለማወቅ ነው።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪ መብራት ይዤ ሥሩ ተኛሁ። ሳሙናው እንዳለ ነው። የታችኛው ፊቱ ደረቅ ነው፣ የላይኛው ፊቱ ግን እርጥብ ነው፤ ጠብታው በሳሙናው ጎን ተንሸራቶ ነው የወረደው። እንግዲህ ቤንዚኑ የሚመጣው ከመገናኛው ሳይሆን ከበላዩ ነው። አዲሱ ቱቦ ለማንኛውም መቀየር ነበረበትና አይቆጨኝም፤ በሽታው ግን ሌላ ቦታ ነው። መሬት ላይ ያየሁት እርጥብም አሳስቶኛል፤ ጠብታው የሻንሲውን ጠርዝ ይዞ ወደ ግራ ሄዶ ነው የሚወርደው።

ሰልባትዮው መውረድ አለበት። እስከ ቅዳሜ በታክሲ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቤንዚኑን ቀድቼ አወጣሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጉዳይ ነበረብኝ። ግቢያችን ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይፈላል፤ ከሰሉ ተያይዞ፣ ዕጣኑ ተጭሶ። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል፤ ወደ ላይ ወጥቶ አይጠፋም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል። ከሰሉ ያለበት በረንዳ ደግሞ ከመኪናው ዝቅ ያለ ነው።

"እትዬ፣ ዛሬ ቡናው ከሰዓት ይሁንልን፤ ቤንዚን ልቀዳ ነው" አልኳቸው።

"ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ፣ ከሰሉን አያይዤው ነበር" አሉኝና ምድጃውን ራሳቸው አንስተው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ዕጣኑንም አጠፉት። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ስኒ ከእሳቸው ጋር ጠጣሁ።

ለመቅዳት የተጠቀምኩት በእጅ የሚጨመቅ ጎማ ያለው ቱቦ ነው። በአፍ ስቦ መቅዳት ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ አንድ ጉንጭ ቤንዚን ሳንባ ውስጥ ከገባ ግን ሆስፒታል ያደርሳል። መቅጃው የብረት ጀሪካን ነው፤ መሬት አስቀምጬ ከመኪናው ብረት ጋር በሽቦ አገናኘሁት፣ ቤንዚኑ ሲፈስ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዳይሆን። 14 ሊትር ወጣ። ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን ማንም አይደፋውም፤ በጨርቅ አጥልዬ አስቀመጥኩት። ጨርቁ ላይ የቀረው ደቃቅ ቡናማ አፈር ግን የሚያስደስት አይደለም። ዝገት ነው።

ሰልባትዮውን ማውረድ በራሱ ከባድ አይደለም። ቤንዚን የሚሞላበት አፍ በዚህ ዓመተ ምሕረት ቮልስ ላይ ኮፈኑ ውስጥ ነው፤ ካርቶኑን አንስቶ፣ የነዳጅ መለኪያውን ገመድ ፈትቶ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ ያሉትን ቡሎኖች በ13 ቁልፍ መፍታት ነው። መለኪያው ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ዝቅ ሲል ቀጭን ገመድ እየጎተተ ነው ቀስቷን የሚያንቀሳቅሰው። ገመዱ እንዳይታጠፍ በጥንቃቄ ጠቅልዬ አሰርኩት። ሦስቱ ቡሎኖች ወጡ፤ አራተኛው እንቢ አለ። አስገድዶ መስበር ይቻል ነበር። ናፍጣ ቀብቼ ተውኩት።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ናፍጣው ሌሊቱን ሠርቷል። ቡሎኑ ሩብ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እየተባለ ሳይሰበር ወጣ።

ሰልባትዮውን አንስቼ ስገለብጠው ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። ጠርዙ ሥር ዙሪያውን የተነጠፈው ጨርቅ መሰል ማስቀመጫ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይዟል። የኮፈኑ ጎማ አርጅቷል፤ ክረምቱን ሙሉ የገባው ዝናብ እዚያ ጨርቅ ውስጥ ተኝቶ ብረቱን ሲበላ ከርሟል። ከውስጥ ደግሞ ሌላ ውኃ አለ። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታችኛው ጎድጓዳ ወርዶ ይቀመጣል፣ ቤንዚኑ ስንት ጊዜ ቢቀየር እሱ ከቦታው አይነቃነቅም። አንድ ላሜራ ከላይም ከታችም ሲዝግ ስልሳ ዓመት ሊደርስ ምን ቀረው፤ እስካሁን መቆየቱ ነው የሚደንቀው።

በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብዬ ስጠርገው ከመውጫው አጠገብ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ታየችኝ። ጥፍሬን ሳሳርፍባት ሰመጠች።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ከሥራ ስወጣ ሁለት ቦታ ሄድኩ።

አንዱ የብየዳ ቤት ነው። ልጁ ሰልባትዮውን አየት አድርጎ "ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፣ ውኃ ሞልቼ እበይድልሻለሁ" አለኝ። ሳያጥበው፣ ሳይጠይቀኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ በቁጥር ላስረዳ። የቤንዚን ትነት የሚፈነዳው ከአየሩ ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ነው። 40 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ ውስጥ ያንን ያህል ትነት ለመፍጠር የሻይ ማንኪያ ግማሽ ቤንዚን ይበቃል። ያቺ ግማሽ ማንኪያ ደግሞ ዝገቱ ውስጥ ተደብቃ ትቀራለች፤ ሙቀት ሲነካት ነው የምትወጣው። ከላይ ሲያሸቱት ደረቅ፣ ሲያዩት ባዶ። ሰው በዚህ ሥራ ሲሞት የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው፤ በያለበት ጋራዥ እንዲህ በግዴለሽነት መሠራቱ በጣም ያናድደኛል፣ ያሳዝነኛልም።

ሁለተኛው የራዲያተር ሠሪ ሱቅ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ስታኞ፣ ብረት ከብረት የሚያጣብቀውን ቀላጭ ማዕድን፣ ሲያቀልጡ የኖሩ። ሰልባትዮውን ከእጄ ተቀብለው መጀመሪያ አፉን አሸተቱት፣ ከዚያ በጣታቸው ዙሪያውን እያንኳኩ ሰሙት። ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የሳሳው ቦታ ይደበዝዛል።

"ልጄ፣ የሞላ ሰልባትዮ አይፈራም። የሚፈራው ባዶው ነው" አሉኝ።

"ታዲያ ጋሼ፣ ምን ይሻላል?"

"እኔ እሳት አላቀርብለትም። ካውያውን እዚያ ማዶ አግለን፣ እዚህ እናሳርፈዋለን። ግን አጥበሽ አምጪው። ታጥቧል ስትዪ ደግመሽ እጠቢው፣ ከዚያ ነይ።"

ሌላ ሰልባትዮ ገዝቶ መገላገልም አስቤ ነበር። ሱማሌ ተራ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያለው፣ ቤንዚን ከውጭ በቀኝ ጎን የሚሞላበት ዓይነት። የእኔ ኮፈን ውስጥ አፉ ወደ ግድግዳ ይዞራል። አይሆንም።

ከጥቅምት 11 እስከ 14

ይህ የማጠብ ሳምንት ነው። ማታ ማታ ከሥራ መልስ፣ ግቢው ጥግ፣ ክፍት አየር ላይ።

ማክሰኞ፦ የፈላ ውኃ በኦሞ፣ ሦስት ጊዜ። ውኃውን ቤት ውስጥ አፍልቼ በባልዲ ነው የማመጣው፤ ምድጃና ሰልባትዮ አንድ ቦታ አይገናኙም። ሦስተኛው ውኃ ሲደፋ ላዩ ላይ ያ የዘይት ቀስተ ደመና አልነበረውም። ያም ሆኖ ደግሜ አጠብኩት።

ረቡዕ፦ 50 ዳዶዎች ቆጥሬ ጨመርኩና በትንሽ ውኃ አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በዚያ ጎን እያልኩ ነቀነቅኩት። ክንድ የሚያዝል ሥራ ነው። የወጣው ውኃ የቀይ ሻይ ቀለም አለው። ዳዶዎቹን ስቆጥር 49 ሆኑ። አንዷን ፍለጋ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ መውጫው አጠገብ ያለው ወንፊት ሥር ተወሽቃ ተገኘች። ቆጥሮ ማስገባት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሐሙስ እና ዓርብ፦ አቼቶ። ሰልባትዮውን ሙሉ ለመሙላት 40 ሊትር ያስፈልጋል፤ የገዛሁት 10 ሊትር ብቻ ነው። መውጫውን በቡሽ ደፍኜ፣ ሌሎቹን ቀዳዳዎች በጎማና በፋሸታ አጥብቄ፣ በየስድስት ሰዓቱ ጎኑን እየቀየርኩ አስተኛሁት። የሸሸው ዝገት እንደ ቡና አተላ ደለል ሆኖ ወጣ፤ ከሥሩ ግራጫ ንጹሕ ብረት። አቼቶ ዝገቱን ከጨረሰ በኋላ ብረቱን መብላት ስለሚጀምር ከዚህ በላይ አላቆየሁትም። ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውኃ ጨምሬ አሲዱን ገደልኩት፤ አረፋው ሲቆም ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቀለቅሁት። የታጠበ ብረት በአንድ ሌሊት መልሶ ይዝጋል፤ ስለዚህ ውኃው እንደተንጠፈጠፈ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ያለ አየር እየነፋሁ አደረቅሁት። ይህን ያደረግኩት ከአራት ቀን እጥበት በኋላ፣ አንድም የቤንዚን ሽታ በሌለበት ነው። ከዚያ በፊት ማድረቂያ ማስጠጋት ራስን ማጥፋት ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

የቀዳዳ ፍለጋ ቀን። አየር መሙላት ያስፈልጋል፣ ግን ምን ያህል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በጎማ መንፊያ መንፋት ሰልባትዮውን እንደ ፊኛ ያሳብጠዋል። የሰልባትዮ ላሜራ ለግፊት የተሠራ አይደለም፤ 50 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ፊት ላይ ግማሽ ሜትር የውኃ ከፍታ የሚያህል ትንሽ ግፊት እንኳ 125 ኪሎ ሆኖ ነው የሚያርፍበት። አንድ ኩንታል ከሩብ።

እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። ግንበኞች ውኃ ልክ የሚይዙበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ አንድ ጫፍ ሰልባትዮው አፍ ላይ አሰርኩ፣ ቀሪውን ግድግዳ ላይ ወደ ታች ሸብልዬ ወደ ላይ መለስኩና ውኃ ጨመርኩበት። በብስክሌት ፓምፕ ቀስ እያልኩ ስነፋ በሁለቱ የቱቦው ክንዶች መካከል የውኃው ልዩነት 50 ሴንቲሜትር ሲደርስ አቆምኩ። ከዚያ የሳሙና አረፋ በብሩሽ።

ሦስት ቦታ ተነፈሰ። ሁለቱ ከመውጫው አጠገብ፣ ጨርቁ ያረፈበት ጠርዝ ላይ፤ ሦስተኛው ግን ያልጠበቅሁት ቦታ፣ ሁለቱ ላሜራዎች በሚገናኙበት ስፌት ላይ። የስፌቱ አረፋ በጣም ደቃቅ ነው፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል፤ እሷን ለማየት አሥር ደቂቃ ጎንበስ ብሎ መጠበቅ አስፈልጓል። ሦስቱንም በቀይ እርሳስ ከበብኳቸው።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሰልባትዮውን ወደ ራዲያተር ሠሪው ወሰድኩ።

ሽማግሌው ሥራቸውን የጀመሩት ከአሲዱ ነው። አሲዱ ውስጥ የዚንክ ቁራጭ ጨምረው አረፋው እስኪያቆም ያበሉታል። አረፋው ሃይድሮጅን ስለሆነ ከከሰሉ አርቀው፣ ከሱቁ ውጭ ነው የሚያደርጉት። ይህ "የተገደለ አሲድ" ብረቱ ላይ ሲቀባ ስታኞው እንዲይዝ ያደርጋል። እኔ በቀይ የከበብኳቸውን ቦታዎች በብርጭቆ ወረቀት እንደ ብር እስኪያበሩ አጸዳሁ። ለሁለቱ የጠርዝ ቀዳዳዎች ከስስ ላሜራ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያካክሉ ሁለት ልጣፎች ቆረጡ።

ከዚያ ሰልባትዮውን ገልብጠን በውኃ ሞላነው። ባዶ ቦታ ከሌለ ትነት የሚቀመጥበት የለም። ካውያው፣ ጡጫ የሚያህል የመዳብ ራስ ያለው፣ ግቢው ማዶ ከሰል ላይ ግሎ መጣ። ሽማግሌው አሳረፉት። ስታኞው ግን አልቀለጠም፤ እንደ ሰም ተጠቅልሎ ተንከባለለ። አንዴ ደግመው ሞከሩ። ያው ነው።

"ውኃው ሙቀቱን እየጠጣው ነው" አሉ። ውኃው የላሜራውን ሆድ እየነካ ነበር። ሁለት ጣት ያህል ቀነስንለት። በላሜራውና በውኃው መካከል ትንሽ አየር ሲገባ ብረቱ ሙቀቱን ያዘ። ያቺ ሁለት ጣት አየር ያለ ፍርሃት የተተወችው ደግሞ ከአራት ቀን እጥበት የተነሳ ነው። በሦስተኛው ሙከራ ስታኞው እንደ ዘይት ተዘረጋ፣ ብረቱን ለበሰው። ይህን ሳይ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። መጀመሪያ ቦታውን ብቻ፣ ከዚያ ልጣፉን ብቻ ስታኞ አለበሱ፤ በመጨረሻ ሁለቱን አገናኝተው ካውያውን ከላይ አሳረፉት። ዙሪያውን ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ብቅ አለ። "ዙሪያው ካበራ ውስጡም ሞልቷል ማለት ነው።" የስፌቷን ቀዳዳ ያለ ልጣፍ፣ ስታኞ ብቻ አጠጧት።

የአሲዱን ቅሪት በሶዳና በውኃ አጥበን አስወገድነው፤ ካልታጠበ እሱ ራሱ አዲስ ዝገት ይጀምራል። የሥራቸውን ዋጋ ስጠይቃቸው የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው ብዙም ያልበለጠ ነገሩኝ። ጨምሬ ሰጠኋቸው፤ ሊቀበሉ አልፈለጉም፣ ለመንኳቸው።

ማታ በረንዳ ላይ አድርቄ 50 ሴንቲሜትር ነፋሁበት። አረፋ የለም። እንዲያድር ተውኩት።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፦ ውኃው ወደ 22 ሴንቲሜትር ወርዷል። ልቤ ስንጥቅ አለ። አረፋ ቀባሁ፤ አንድም ቦታ አይተነፍስም። ቱቦውን፣ ፋሸታውን፣ ቡሹን ሁሉ ፈተሽኩ። ምንም የለም።

ረፋድ ላይ ቢሮ ሆኜ ነው የገባኝ። ሌሊቱ ብርዳም ነበር። የታፈነ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ላይ አሥር ዲግሪ ቅዝቃዜ ብቻውን 26 ሴንቲሜትር ያህል የውኃ ከፍታ ይቀንሳል። ምሳ ሰዓት ቤት ተመልሼ አየሁ፤ በረንዳው ፀሐይ ገብቶታል፣ ውኃው 49 ላይ ነው። ይህን ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ ጥሩውን ሥራ አፍርሼ እንደገና አስጀምራቸው ነበር። እንዲህ ዓይነት ፈተና የሚያደርግ ሰው ውኃውን በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ሙቀት ያንብብ።

ከጥቅምት 19 እስከ 21

ውጭውን ሁለት ጊዜ አንቲረስት፣ አንድ ጊዜ ጥቁር ቀለም። ውስጡን አልቀባሁትም። ውስጥ የሚለብስ ሽፋን ካልያዘ እየተላጠ ካርቡሬተሩን ይደፍናል፤ ይህኛው ብረት ደግሞ ገና ወፍራም ነው። ጥቂት ቤንዚን አዙሬበት ከዝገት ጠበቅሁት። የበሰበሰውን ጨርቅ ጥዬ ውኃ በማይጠጣ የጎማ ንጣፍ ተካሁት፤ የኮፈኑንም ጎማ ቀየርኩ። የኮፈኑ ጎማ ካልተቀየረ የሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ሥራ ይደግመዋል።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ገጠምኩ። አራቱ ቡሎኖች ግሪስ ተቀብተው፣ ወንፊቱ ታጥቦ፣ ሁሉም መገናኛ አዲስ ፋሸታ ለብሶ። ወደ ኋላም ሄጄ ከቤንዚን ፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወጣውን ቱቦ ቀየርኩ፤ ቮልስ እሳት የሚነሳበት ዋነኛ ቦታ ያ ነው፣ የቱቦው ጫፍ ከሞተሩ ጋለ ብረት ብዙም አይርቅም። እዚያው እያለሁ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን የነሐስ አፍ በጣቴ ነቀነቅሁ፣ ላልታ እንዳትሆን። ጠንካራ ናት።

መጀመሪያ 5 ሊትር ብቻ ጨመርኩ። ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ዘርግቼ ባትሪውን ሳላገናኝ አሳደርኩት።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ካርቶኑ ደረቅ ነው። ሁለት ቦታ በአፍንጫዬ አሸተትኩት፣ የካርቶን ሽታ ብቻ ነው። ቀሪውን 9 ሊትር ጨመርኩ፣ ባትሪውን አገናኘሁ። ቤንዚኑ ከፊት እስከ ኋላ እስኪደርስ ትንሽ ጊዜ ፈጀ፤ በአራተኛው ሙከራ ሞተሩ ያዘ።

የመለኪያው ቀስት 14 ሊትር እያለ ከሩብ በታች ነው የሚያሳየው። ገመዱ ስገጥመው ትንሽ ረዝሟል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማጠሪያዋን አዙሬ አስተካክላለሁ። እትዬ ከበረንዳው "አሁንስ ከሰሉን ላያይዘው?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው።